ሳልሰማ ያቃጠልኳቸው ካሴቶች



ስለ አንድ የሄቪ ሜታል ባንድ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ መጻፍ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም እንደሚችል አውቃለሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ብሆን ኖሮ ገጹን ገልጬ አልፈው ነበር። ምናልባትም ጸሐፊውን ለሽማግሌዎች እከስሰው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ። አንድን ነገር ሳልሰማ በመፍረዴ ወንድሜን 23 ዓመት አጥቼዋለሁና።

አጣሁት ስል ሞተብኝ ማለቴ አይደለም። በሕይወት አለ፣ ደኅና ነው። ሐዋሳ ይኖራል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። «እንኳን አደረሰህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው እናጣለን። እንዲህ ሆነን 23 ዓመት ኖርን።

ነገሩ የሆነው በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አባታችን በአጭር ሕመም አረፉ። እኔ 23 ዓመቴ ነበር፤ በአጥቢያችን የወጣቶች ኮሚቴ ውስጥ አገለግል ነበር፣ ለመዘምራንም ኪቦርድ እጫወት ነበር። ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነበር። ለለቅሶ ከአሜሪካ የመጣው የአክስታችን ልጅ ሲመለስ ዎክማኑንና አራት ካሴቶች ለወንድሜ ሰጥቶት ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ማታ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛ ጀመር።

አንድ ቀን ካሴቶቹን ከፍራሹ ሥር አገኘኋቸው። የአንደኛው ሽፋን ላይ አሮጌ የወፍጮ ቤት ይታያል፤ ከፊቱ ጥቁር የለበሰች፣ ፊቷ የገረጣ ሴት ቆማለች። ስሙን አነበብኩ፦ ብላክ ሳባዝ። ጥቁር ሰንበት ማለት ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ቤታችን ውስጥ፣ ያውም አባታችን ጉልበታቸውን አንበርክከው በጸለዩበት ክፍል ውስጥ ይህ ምን ይሠራል አልኩ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ ስለ ዓለማዊ ዘፈን ትምህርት ነበር። በመጨረሻ «ያለውን ያምጣ» ተባለ። ከአዳራሹ ጀርባ በርሜል ውስጥ እሳት ተቀጣጠለ። ብዙዎች የራሳቸውን ካሴት አምጥተው ጣሉ። እኔ የራሴ የምጥለው አልነበረኝም። የወንድሜን አራት ካሴቶች ሳልነግረው ከቤት ይዤ መጥቼ፣ እየዘመርኩ፣ አንድ በአንድ ጣልኳቸው። የካሴት ክር ሲቃጠል እንደ ፀጉር ይኮማተራል። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ማታ ወንድሜ ፍራሹን አንሥቶ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እጣላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጥቅስም ይዤ ነበር። እሱ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ሰምተሃቸዋል?»

«መስማት አያስፈልግም፤ ስማቸው ይበቃል» አልኩት።

ሌላ አንድም ቃል አልተናገረም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። እኔም ለብዙ ዓመታት «ያ ሙዚቃ ወሰደው» እያልኩ ለሰው እናገር ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ስለ ካሴቶቹ ረስቼ ነበር።

ያስታወሰኝ ባለፈው 2017 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሆነ ነገር ነው። ወንድሜ ቴሌግራም ላይ ምንም የማይለጥፍ ሰው ነው። በዚያ ሳምንት ግን የፕሮፋይሉን ፎቶ ቀይሮ አየሁ፦ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ አራት ወጣት ነጮች፣ አንገታቸው ላይ መስቀል ያንጠለጠሉ። ማን እንደሆኑ ስፈልግ የብላክ ሳባዝ ዘፋኝ ኦዚ ኦዝበርን በ76 ዓመቱ ማረፉን አነበብኩ። ወንድሜ 40 ዓመት ሞልቶት፣ እኔ ያቃጠልኩበትን ሰው ሐዘን ብቻውን ተቀምጦ ነበር። መንፈስ ቅዱስ በዚያች ሰዓት ያንን የድሮ ጥያቄ ልቤ ውስጥ መልሶ ጠየቀኝ፦ ሰምተሃቸዋል?

አልሰማኋቸውም ነበር። ስለዚህ ሰማሁ፣ አነበብኩም። ያገኘሁትን ልንገራችሁ። የባንዱን ዘመኖች የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ አስተን በሚባል የሠራተኞች ሰፈር ነው። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባለች፤ እነዚህ ልጆች ያደጉትም ከጦርነቱ በኋላ ነው። ቶኒ አዮሚ የሚባለው ጊታር ተጫዋች በ17 ዓመቱ የቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለሙዚቃ ሊሰጥ የመጨረሻው የሥራ ቀኑ ላይ ነበር። ምሳ ሊበላ ቤት ሲመጣ መመለስ አልፈለገም፤ እናቱ ግን የጀመርከውን ጨርስ ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ቀርቶ በነበረ ሠራተኛ ምትክ በማያውቀው የብረት መጫኛ ማሽን ላይ አቆሙት። ማሽኑ የቀኝ እጁን የመሐል ጣትና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆረጣቸው። እሱ ደግሞ ግራኝ ነው። ጊታር የምትጫወቱ ወዲያው ይገባችኋል፦ ግራኝ ሰው ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ጣቶች ነው።

ሐኪሞቹ ከእንግዲህ አትጫወትም አሉት። ቤቱ ተቀምጦ ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፋብሪካው ፎርማን ሊጠይቀው መጣ። በእጁ አንድ ሸክላ ይዟል። ይህን ስማ አለው። ልጁ ሙዚቃ መስማት አልፈለገም፤ ፎርማኑ ግን ለመነው። ሰማው፤ ጥሩ ነው አለ። ያን ጊዜ ፎርማኑ፣ ይህ ሰው የሚጫወተው በሁለት ጣት ብቻ እንደሆነ ነገረው። ሰውየው ጃንጎ ራይንሃርት ነበር፤ በ1928 የሚኖርበት ሠረገላ ተቃጥሎ ግራ እጁ ተጎድቶ፣ ዜማውን በሁለት ጣት ብቻ መጫወት የተማረ ታላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋች።

ወጣቶች፣ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ሁለቱንም ልጆች አሰብኳቸው። ሁለቱም 17 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም ተጎድተው ቤት ተቀምጠዋል። ወደ አንደኛው ሙዚቃ ይዞ የመጣለት ሰው ነበር፤ አጠገቡ ተቀመጠ፣ አብሮት ሰማ። ወደ ሌላኛው የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ያለውን ሙዚቃ ወስጄበት ሄድኩ። ስለ ፎርማኑ እምነት የማውቀው ነገር የለም። ከሁለታችን ለቆሰለው ልጅ ባልንጀራ የሆነው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን መልሱን አውቀዋለሁ።

አዮሚ የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክሩን እንዲይዝለትም ከአሮጌ ጃኬት ቆርጦ ቆዳ ለጠፈበት። የጊታሩ ክር ስለጠነከረበት ቀጭን የባንጆ ክር ቀላቀለበት። በኋላም ክሮቹን ከተለመደው ቃና ወደ ታች አወረዳቸው፤ በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም በብዙዎቹ ዘፈኖች ሦስት ግማሽ ቃና ያህል ወርዷል። ክሩ ሲላላ ለጣቱ ቀለለው፤ ድምፁ ግን ወፍራም፣ ጥቁርና ከባድ ሆነ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሄቪ ሜታል የሚባለው ድምፅ መሠረቱ ከዚህ ይመዘዛል። እኔ የሰይጣን ድምፅ ብዬ የጣልኩት ነገር፣ ጣቱ የተቆረጠ የፋብሪካ ልጅ ሕመሙን ለመቀነስ ያገኘው መላ ነበር።

ባንዱ የተመሠረተው በ1968 ነው፤ ከአዮሚ ጋር ኦዚ ኦዝበርን፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹና ብዙዎቹን ግጥሞች የጻፈው ጊዘር በትለር፣ ድራም ተጫዋቹ ቢል ዋርድ። ስሙን ያገኙት ከአንድ የ1960ዎቹ አስፈሪ ፊልም ነው። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ቤት ይገባል፤ ለምን የሚያስፈራ ሙዚቃ አንሠራም አሉ። ይህን አልሸፋፍንም፤ ስሙ ገበያም ነበረው። የመጀመሪያውን አልበማቸውን በአንድ ቀን ቀድተው ጨረሱ። የወጣው የካቲት 13 ቀን 1970 ዓርብ ነው፤ ፈረንጆች የሚፈሩት የ13ኛው ቀን ዓርብ። ሃያሲያን አጣጣሉት፤ ወጣቶች ግን ገዙት። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው አልበም «ፓራኖይድ» በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ።

ወንድሜ ማታ ማታ ይሰማው የነበረው የመጀመሪያው አልበም በዝናብ ድምፅና በደወል ይጀምራል። ከዚያ ጊታሩ ሦስት ኖታ ብቻ ይመታል። ኪቦርድ የምትጫወቱ ሞክሩት፦ ጂ፣ ከላይ ያለው ጂ፣ ከዚያ ሲ ሻርፕ። በጂ እና በሲ ሻርፕ መካከል ያለው ርቀት ጆሮን ዕረፍት ይነሣል፤ በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት ከድሮ ጀምሮ በዲያብሎስ ስም ሲጠራ ቆይቷል። እኔ ለ20 ዓመት ኪቦርድ ስጫወት ይህን ርቀት ሳላውቅ በመዝሙሮቻችን ውስጥ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ! ማንኛውም ሙዚቀኛ ያለ እሱ ጭንቀትን ሊያሰማ፣ ጭንቀቱም ሲፈታ ዕረፍትን ሊያሰማ ይቸግረዋል።

ዘፈኑ የሚናገረው ስለ ምንድን ነው? ጊዘር በትለር ያደገው ሰባት ልጆች ባሉበት የካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በወጣትነቱ ስለ አስማት ማንበብ ጀምሮ፣ አንድ ሌሊት አልጋው ግርጌ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ ብሎ እጅግ እንደደነገጠ ራሱ ተናግሯል። ዘፈኑ የወጣው ከዚያ ድንጋጤ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ጥቁሩ ጥላ ፊቱ የቆመበት ሰው ለጥላው አይሰግድም፤ እየተንቀጠቀጠ እግዚአብሔር እንዲረዳው ይጮኻል። እኔ 23 ዓመት ሙሉ የሰይጣን አምልኮ መዝሙር ነው ስል የኖርኩት ዘፈን የፈራ ሰው ጩኸት ነው።

ሌላም አለ። በ1971ዱ አልበም ላይ «አፍተር ፎርኤቨር» የሚባል ዘፈን አለ። ሰሚውን ስለ ነፍሱና ከሞት በኋላ ስላለው ነገር ይጠይቀዋል፤ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ብሎ እምነቱን የሚደብቀውን ሰውም ይሞግተዋል። እንዲህ ያለውን ዘፈን ስትራይፐር የተባለው የአሜሪካ ክርስቲያን ሜታል ባንድ በ2015 «ፎለን» በተባለው አልበሙ ላይ ደግሞ ተጫውቶታል። ስትራይፐሮች በኮንሰርታቸው ላይ ወደ ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስ በመወርወር የሚታወቁ ናቸው። «ዋር ፒግስ» የተባለው ሌላው ዘፈን ደግሞ በቬትናም ጦርነት ዘመን የተጻፈ ነው፤ ድሃውን ልጅ ወደ ጦርነት የሚልኩ ባለሥልጣናት በፍርድ ቀን በእግዚአብሔር ፊት ሲቆሙ ያሳያል። ነቢዩ አሞጽን ስታነቡ እንዲህ ያለ ቁጣ አታገኙም?

ፎቶው ላይ ያየኋቸውን መስቀሎች ማን እንደሠራቸውም አገኘሁ። ፋብሪካ ውስጥ መሣሪያ ሠሪ የነበረው የኦዚ አባት ነው፤ ከአሉሚኒየም ሠርቶ ለልጁና ለጓደኞቹ ሰጣቸው። በጣት የሚሠራው የቀንድ ምልክትም አለ፤ እኛ በወጣትነታችን የሰይጣን ምልክት ነው ብለን ያስተማርነው። በሜታል ዓለም እንዲታወቅ ያደረገው በ1979 ኦዚን ተክቶ ብላክ ሳባዝን የተቀላቀለው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው። ምልክቱን ያገኘሁት ከጣሊያናዊት አያቴ ነው ይል ነበር፤ አያቱ ክፉ ዓይን እንዳያገኛት የምትከላከልበት ነበር። እኛ አገርም ቡዳን ፈርታ ልጇን የምትደብቅ አያት አለች። በዚህ ማመን አለብን አልልም፤ መታመኛችን ሌላ ነው። ግን ጥቃትን የፈራች አሮጊት ሴት ምልክት የሰይጣን ምልክት ነው ብዬ አስተምሬአለሁ። ማስረጃዬ ምን ነበር? ሌላ ሰው ሲል መስማቴ ብቻ።

አሁን ደግሞ ሚዛኑን ልጠብቅ። ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ይሰማ ተባለ» እንዳትሉ። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም። ገንዘብና ዝና ሲመጣ ኮኬይንና መጠጥ አብረው መጡ፤ በ1972 ሎስ አንጀለስ ተቀምጠው አራተኛውን አልበማቸውን ሲሠሩ በዕፅ ተውጠው እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። ኦዚ በዚሁ ምክንያት በ1979 ከባንዱ ተባረረ። በ1982 መድረክ ላይ የተወረወረለትን የሌሊት ወፍ ራስ ነክሷል፤ የጎማ መጫወቻ መስሎኝ ነው ብሏል። ቢል ዋርድ በመጠጥ ምክንያት በጉዞ መካከል ባንዱን ጥሎ ሄዷል። ብዙ ሰዎች ገቡ፣ ወጡ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለይ የቀረው አዮሚ ብቻ ነው። ጨለማን ስታዜም የምትኖር ነፍስ ጨለማው እንዳይገባባት መጠንቀቅ አለባት፤ ይህን አሁንም አምናለሁ፣ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ልዩነቱ፣ አሁን የምናገረው ሰምቼ ነው።

ተጽዕኗቸውን ለመናገር አንድ ቀን ይበቃል። ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱም ባደጉበት አስተን፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አደረጉ። ሜታሊካን የመሰሉ በእነሱ ፈለግ የሄዱ ታላላቅ ባንዶች ከእነሱ በፊት እየወጡ ተጫወቱ። ሜታሊካዎች በ2006 ብላክ ሳባዝ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባም አስተዋዋቂዎቹ ነበሩ። ኦዚ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ስለሆነ መቆም አልቻለም፤ ዙፋን በሚመስል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። አራቱ የመጀመሪያ አባላት ከ20 ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። የኮንሰርቱ ገቢ ለፓርኪንሰን ሕሙማንና በበርሚንግሃም ለሚታከሙ ሕፃናት የበጎ አድራጎት ሥራ እንዲውል የታሰበ ነበር። ከ17 ቀን በኋላ ኦዚ ሞተ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ነገር ግን ከሁሉም በላይ መታኝ። በ2017 ባንዱ የስንብት ጉዞውን ሊያበቃ ሲል፣ ቶኒ አዮሚ ለበርሚንግሃም ካቴድራል መዘምራን አንድ ዝማሬ ደረሰ። ቃሉን የጻፉት የካቴድራሉ ዲን ናቸው። መነሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መዝሙር 133 ነው። ያቺን አጭር መዝሙር ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቋታላችሁ፤ በኅብረታችን ስንት ጊዜ ዘምረናታል። ስለ ወንድሞች አብሮ መቀመጥ ነው የምትናገረው።

ስልኬን አንሥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ዛሬ በዓል ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም። ሰማኋቸው።»

«ምኑን?»

«ካሴቶቹን። ያቃጠልኳቸውን።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «አባዬ ሲሞት ቤቱ ውስጥ ሁላችሁም ትዘምሩ ነበር። አይዞህ፣ ጌታ ጋ ነው ትሉኝ ነበር። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ግን ፈርቼ ነበር። ማታ ማታ ሞት የኔንም አልጋ አልፎ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እናንተ ጋ መፍራት አይቻልም ነበር። ያ ካሴት ላይ ያለው ሰውዬ ግን ፈርቷል፤ እግዚአብሔር ይርዳኝ ይላል። እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ እኔም አብሬው እለው ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።»

ወጣቶች፣ እኔ ያቃጠልኩት የወንድሜን ጸሎት ነበር።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን ብዬ እንደጠየቅሁት አልጽፍላችሁም፤ የሁለታችን ነው። ስንለያይ የካቴድራሉን ዝማሬ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ «ይሄ የኛው ቶኒ ነው?» ይላል። «የኛው» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወንድሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ ብዬ ብመሰክርላችሁ ደስ ባለኝ። አልተመለሰም፤ እኔም አልጎተትኩትም። ለእንቁጣጣሽ ግን ሳይደውል ራሱ መጣ። እኔ ቤት አደረ። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ስለ አባታችን እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አወራን። በ23 ዓመት ውስጥ ስለ አባታችን ስናወራ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ሲገባ መንፈሱ ተበሳጭቶበት ነበር፤ ከተማዋ በጣዖት የተሞላች ናትና። ቢሆንም አርዮስፋጎስ ላይ ቆሞ ከመናገሩ በፊት መሠዊያዎቻቸውን ዞሮ አየ፣ የተጻፈባቸውን አነበበ፣ ባለቅኔዎቻቸውንም ያውቅ ነበር። መናገር የቻለው ስላየና ስላነበበ ነው። ኒቆዲሞስም ሸንጎው ኢየሱስን ሊፈርድበት ሲቸኩል ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሰውየውን ሳንሰማ ሕጋችን ይፈርዳል ወይ? እሱም በመጠየቁ ተዘለፈ።

በኅብረታችሁ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ይኖራል። ቤታችሁ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ እህት ትኖር ይሆናል። የምትሰማው ነገር ስሙ የሚያስደነግጥ ሊሆን ይችላል፤ ሽፋኑም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ምናልባትም በእርግጥ የሚጎዳት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በፍቅር ትነግሯታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን አጠገቧ ተቀመጡ። «አንዱን ጆሮ ስጪኝ» በሏት። አብራችሁ ስሙ። ከዚያም «የትኛው ቦታ ላይ ነው ልብሽን የሚነካሽ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሱን እስክትጨርስም ዝም በሉ።

እኔ ይህን ጥያቄ ለወንድሜ ያቀረብኩለት 23 ዓመት ዘግይቼ ነው። እናንተ ዛሬ ማታ ልታቀርቡት ትችላላችሁ።

ጌታ የምንሰማበትን ጆሮ ይስጠን።